ጆሮዬ በውሃና በማሽን ተጠርጎ

ይድረስ ደሴ ለከተመው ለታናሽ ወንድሜ ለመልአኩ። ከሰላምታው በፊት ቁጣዬ ይቅደም። በስልክ «አንተ ደንቆሮ፣ ኩክህን አስጠርግ!» ብለህ ዘጋህብኝ አሉኝ አጠገቤ የነበሩት። ታላቅህን! እኔ እኮ በማታ ትምህርት መምህሩን ሳይቀር በጽሕፈት የምበልጥ ሰው ነኝ።

አስጠረግሁልህ። ላሊበላ ሐኪም ቤት ለብ ያለ ውሃ በስሪንጅ ጆሮዬ ውስጥ ረጩ፤ ኩኩ ወጣ፣ ጭንቅላቴ ግን ዞረብኝ። ጋሸና ደግሞ በመብራት እያዩ በማሽን መጠጡት። ከሁለቱ ማሽኑ ይሻላል፤ አያዞርም። የጋሸናዋ ነርስ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «አባባ፣ ጩኸቱ እንዳያስደነግጥዎ!» ብላ ጮኸች። እኔ ምን ጩኸት ያስደነግጠኛል? ጀግና ነኛ! ከዚያ ተመልክታ «ጆሮዎ ንጹህ ነው፤ የሚወጣ ኩክ የለም» አለችኝ። እንግዲህ የእኔ ጆሮ ካንተ ጆሮ ይጸዳል፣ እወቀው!

ስልኬን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፤ አትደውል። የይምርሐነ ክርስቶስ አምላክ ጤናህን ይስጥህ፣ ምላስህንም ያሳጥርልህ።

ሚስቴን ባንችይርጋንም በግድ ማታ ትምህርት አስገብቻታለሁ። «አፍ እያለኝ እርሳስ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ክረምት ሳይገባ ፊደሏን ጨርሳ የምትለኝን በወረቀት እንድትጽፍልኝ አዝዣለሁ።

ያልታረቀህ ወንድምህ
ከፋለ