ትራፊው የማን ነው

ሰኞ፣ ጥር 18

«እስከ ወሩ መጨረሻ ማስረጃ ያላስገባ ይንሳፈፋል።» የሰው ሀብት ኃላፊው በስልክ እንዲህ ሲል በተገረበበው በር በኩል ሰማሁት። እኔ ዋና አልችልም። ደግነቱ ቦርከና ወንዝ በጥር ቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ለመንሳፈፍ መጀመሪያ መጋደም ይጠይቃል።

ተንሳፋፊ ማለት በአዲሱ ምደባ ወንበር ያላገኘ ሠራተኛ ነው። ስም አለው፣ ቦታ የለውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ስሙ ሩቅ ወረዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ወንበር አሁን ዲግሪ ይጠይቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍቼ ዘግቼዋለሁ፤ የትኛው መጽሐፍ የትኛው ገጹ እንደተቀደደ፣ ማን እንደቀደደውም አውቃለሁ። ይህ ግን ማስረጃ አይደለም።

ዲግሪዬ አንድ ኮርስ ቀርቶታል፦ መግቢያ አልጄብራ፣ በኦንላይን። አራት ዓመት ሙሉ «የሚቀጥለው ሴሚስተር እወስደዋለሁ» እያልኩ አሳለፍኩት። የሚቀጥለው አለቀ።

ሁኔታው እንዲህ ነው።
የመንፈቁ ፈተና፦ 38። ያለፈ ነገር ነው፣ አይነካም።
ልምምዶች፦ እስካሁን 31። እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ እየደጋገሙ መሥራት ይፈቀዳል።
የመጨረሻው ፈተና፦ ቅዳሜ።
የሦስቱ አማካይ ሃምሳ መሙላት አለበት፤ ማለትም ሦስቱ ተደምረው መቶ ሃምሳ። ልምምዱ በዚሁ ከቀረ ቅዳሜ 81 ማምጣት አለብኝ። ይህን ያሰላሁት ራሴ ስለሆንኩ ስህተት ሊኖረው ይችላል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ተመልሶ ሲተኛ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቪዲዮውን ከፈትኩ። መምህሩ ፊቱ አይታይም፤ እጁና ጠመኔው ብቻ። አንድ መስመር ይጽፍና «ይህማ ግልጽ ነው» ይላል። ዛሬ ቆጠርኩለት፤ በሃያ ደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ልምምድ ሦስትን አምስት ጊዜ ሠራሁ። በሠራሁት ቁጥር ቁጥሮቹ ይቀየራሉ፣ ውጤቴ ግን ታማኝ ነው። x = 4 ስል አረንጓዴ ይሆናል። x = 0.67 ስል ቀይ። የስልኬ ማስሊያ ትክክል ነህ ይለኛል፤ ኮርሱ «ትክክል አይደለም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። «እርስዎ» እያለ ነው የሚጥለኝ። በሥራ ቦታዬ እንኳ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ከድጃ ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ ከትከሻዬ ላይ አየችው። «አንድ ቤት ሙሉ መጽሐፍ አንብበህ በአንድ ፊደል ትወድቃለህ?» አለችኝ። ሚስቴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ክርክር ላይ ሜትር አትሰርቅም። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና «አብሽር» አለች። ከመጀመሪያው ይልቅ ይኸኛው አስፈራኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

መብራት የለም። የስልኬ ባትሪ 14። የልምምድ ውጤት 34። በሁለት ቀን ሦስት ነጥብ። በዚህ ፍጥነት የዛሬ ወር አልፋለሁ፤ የምደባው ዝርዝር ከወጣ በኋላ ማለት ነው።

የንባብ ክፍሉ ውስጥ ሰው ስላልነበረ አልጄብራ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈለግሁ። ከዐረብኛ ነው፤ አል-ጀብር፣ የተሰበረውን መጠገን፤ አጥንት መመለስም ይባልበት ነበር። ስለዚህ እስካሁን ስፈልግ የነበረው መምህር ሳይሆን ወጌሻ ነው።

እዚህ መጻፍ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ። ሩቅ ወረዳ ከተመደብኩ ከድጃ ሱቋን ጥላ አትመጣም፤ ልምጣ ብትልም አልፈቅድም። በወር አንዴ ዘንቢል ይዤ የምመጣ እንግዳ እሆናለሁ። ልጆቹ ቁመታቸውን በግድግዳው ላይ ሲያሰምሩ እኔ በስልክ እሰማለሁ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ለቁጥር ማስሊያው ግን ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ነገ ፈቃድ ወስጄ ኮምቦልቻ፣ ኮሌጁ ድረስ እወርዳለሁ። ሰው በሰው ላይ አይጨክንም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ሰው በሰው ላይ አልጨከነም፤ ሰው ሰውን አላስተናገደም እንጂ። የሬጅስትራር መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ኮርሱ ኦንላይን ስለሆነ በአካል አይስተናገድም» አለችኝ።

«ቅሬታ ነበረኝ።»
«በኦንላይን ያቅርቡ።»
«ድረ ገጹ አልከፈት እያለኝ ነው የመጣሁት።»
«ለእሱም ቅጽ አለው።» ትንሽ አሰበችና «ድረ ገጹ ላይ» አለች። የራሷ መልስ ለራሷም የደበራት መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

መኪና ከመያዜ በፊት አጎቴን፣ የእናቴን ወንድም ሼህ ይማምን ልጠይቅ ገባሁ። እሳቸው ውርስ ያካፍላሉ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፣ እሳቸውም የእያንዳንዱን ድርሻ እንደ ሸሪዓው አውጥተው ይነግራሉ። ዛሬም ቤቱ ሰው ነበረበት። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሞቶ ኩታበር ላይ ሰባት በግ ትቷል። ሚስቱ፣ እናቱ፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹና አንድ ወንድሙ ተቀምጠዋል።

«ይኸው፣ ዲግሪ ያለው የእህቴ ልጅ መጣ» አሉ ሼህ ይማም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚያስተዋውቁኝ። አንድ ቀንም አላረምኳቸው፤ አንድ ኮርስ ለጎደለው ሰው ትልቅ ውሸት አልመስል ብሎኝ።

«በል አስላልን» አሉኝ። «ለሚስት ከስምንት አንድ። ለእናት ከስድስት አንድ። ለሴቶቹ ልጆች ሁለት ሲሶ፣ እኩል የሚካፈሉት። የተረፈው ለወንድም።»

ስልኬን አወጣሁ። ሚስት 0.13። እናት 0.17። ልጆቹ 0.33 እና 0.33። ወንድም 0.04። ደመርኩት፤ ልክ አንድ መጣ። በዚህ ሳምንት ልክ የመጣልኝ የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ለልጆቹ ስንት አልክ?»
«ለየራሳቸው ሠላሳ ሦስት ከመቶ።»
«የተባለው ሲሶ ነው።»
«ያው ነው ሼህ። ትራፊዋን ጥዬ ነው።»
«ትራፊዋ የማን ናት?»

ወደ ስልኬ ተመለከትኩ።

«ሦስት ጊዜ ሠላሳ ሦስት ስንት ነው?»
«ዘጠና ዘጠኝ።»
«አንዷን ማን በላት?» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ድምሩ ልክ የመጣልህ አባት ከሌላቸው የቲሞች ሸርፈህ ለእናትና ለአያታቸው ስለጨመርክ ነው። ሲሶ ሲሶ ነው፣ ሰኢድ። አይሸረፍም፣ አይጠጋጋም።» ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ፦ «ሁሉንም ሃያ አራት እጅ አድርገው። ለሚስት ሦስት፣ ለእናት አራት፣ ለልጆቹ ስምንት ስምንት። ስንት ቀረ?»

«አንድ» አለ ወንድምየው ከእኔ ቀድሞ። «ሼህ፣ ከሰባት በግ ሃያ አራተኛው እጅ ምን ያህል ይሆናል?»
«አንድ በግ አይሞላም።»
«እንግዲያው ጆሮዋን ቆርጣችሁ ስጡኝና ልሂድ፣ መኪና ያመልጠኛል።»
«ይስጡት ሼህ» አለች የሟች ሚስት፣ አፏን በሻሿ ሸፍና። «እሱም ጆሮ ይኑረው።»

እናትየው ሳይቀሩ ሳቁ። ከሞተ አርባ ቀኑ ባልሞላ ሰው ቤተሰብ መሐል ሳቅ ሲሰማ ደግ ነው።

ስመለስ መኪናው ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ገባኝ። 0.33። 0.67። ስልኬን አወጣሁ፤ አንድ መስመር ኔትወርክ አለ። ልምምድ ሦስት፣ ጥያቄ ሁለት። x = 1/3 ብዬ ጻፍኩ።

አረንጓዴ።

ሦስት ወር ሙሉ መልሱን ሳገኘው ነበር፤ ጫፉን እየቆረጥኩ ነበር የማስገባው። ማሽኑና አጎቴ አንድ መድረሳ የተማሩ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለምን ዓይኔ እንደረጠበ ጠየቀኝ። የመኪናው መስኮት ነው አልኩት። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 22

ከዓመት ፈቃዴ ግማሽ ቀን ሸረፍኩ። (ይህን መሸረፍ ሼህ ይማም ይፈቅዱታል።)

ልምምዶቹን ከአንድ ጀምሬ ደገምኩ። አራት፦ አለፈ። አምስት፦ አለፈ። ስድስት፦ እዚህ ችግሩ ትራፊ አይደለም፣ አልገባኝም ነው። ሰባት፦ ግማሹ። ለጁምዓ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ መብራት ሄደ። ከድጃ የሱቋን ባትሪ ላከችልኝ። ሰባትን ደገምኩ። ስምንት ላይ እያለሁ ገጹ ነጭ ሆነ፤ ሲመለስ አሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነበር። ስምንት ተዘግቷል።

የልምምድ ውጤት፦ 62።

38 እና 62 መቶ ነው። ነገ ሃምሳ ብቻ። ሃምሳ የሚባል ቁጥር እንዲህ ቅርብ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለአጎቴ ደውዬ ዱዓ አድርጉልኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ስላልነገርኳቸው «ጉዳዩን አላህ ያውቀዋል፤ ያግራልህ» አሉ። እሳቸው ቢያውቁ ይሻል ነበር፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሁለት ሰዓት፣ ሠላሳ ጥያቄ። ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ጎረቤቱን ሁሉ «ዝም በሉ፣ ውስጥ ፈተና አለ» ስትል አረፈደች። በመንደሩ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። ልውጣና ዝም በይ እንዳልላት ካሜራው ከወንበር መነሳት ይከለክላል።

ሁሉንም በክፍልፋይ ጻፍኩ። አንዳንዱን ጥያቄ አወቅሁት። አንዳንዱን አላወቅሁትም፤ ግን ጫፉን አልቆረጥኩም። ሃያ አራተኛው ጥያቄ ላይ ገብቶኝ ሠራሁትና ካስገባሁት በኋላ የመቀነስ ምልክቷን እንደረሳሁ አየሁ። ወደ ኋላ መመለስ አይፈቅድም። አንዲት አጭር ሰረዝ። በሌላ ቀን ቢሆን አቧራ መስላኝ በጣቴ እጠርጋት ነበር።

ከድጃ «እንዴት ነበር?» አለች።
«ግልጽ ነበር» አልኳት። መምህሩ በዚህ ቃል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ምንም ማለቱ አልነበረም።

እሑድ፣ ጥር 24

49።

ሦስት ጊዜ ገጹን አደስኩት። ማደስ የሚያድሰው ገጹን ብቻ ነው።

38 እና 62 እና 49፣ መቶ አርባ ዘጠኝ። ለሦስት ሲካፈል አርባ ዘጠኝ ከሁለት ሲሶ። ማስሊያ አላስፈለገኝም፤ ቢያንስ ይህን ተምሬያለሁ። የጎደለኝ አንድ ሲሶ ነው።

ለከድጃ ሁሉንም ነገርኳት። ምደባውን፣ ወረዳውን፣ ዘንቢሉን። ጨርቅ አጠፈች፣ የታጠፈውንም ፈትታ አጠፈች።

«ለመምህሩ ጻፍለት» አለች በመጨረሻ። «እኔ ጨርቅ ስለካ ለደንበኛ አንድ ጣት እጨምራለሁ። እሱም አንድ ጣት ይጨምርልህ።»
«ሲሶ ሲሶ ነው።»
«የሼህ ይማምን ነገር ዛሬ አታምጣብኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ ከሄድክ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች። አሥራ አራት ዓመት ተጋብተን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። በሌላ አጋጣሚ ብትለው ደስ ይለኝ ነበር።

የቅሬታ ቅጹን ከፈትኩ። «የቅሬታዎን ዓይነት ይምረጡ» ይላል። አምስት ምርጫ አለው። «አንድ ሲሶ ጎደለኝ» የሚል የለበትም። ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ትናንት አልጻፍኩም። መጽሐፍ ስደረድር ዋልኩ፤ የሚተካኝ ሰው እንዳይቸገር የተቀደዱትን ለብቻቸው አደረግሁ።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ኮሌጁ የመጨረሻውን ዝርዝር ለቀቀ። ስሜን ከታች ወደ ላይ ፈለግሁት፤ ወደ ታች ነው ያለው ብዬ። መሐል ላይ አገኘሁት። 50። አልፏል።

ሁለቴ አነበብኩት። አትሜ ለሰው ሀብት ኃላፊው ወሰድኩለት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየውና «በሰዓቱ ደረስክ፤ ጊዜያዊ ዲግሪው እስኪመጣ ይህ ይበቃል» ብሎ ማኅተም አሳረፈበት። ለከድጃ ደወልኩ፤ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያለ አለቀሰች፤ ደንበኛዋም አብራ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

ከዚያ ለአጎቴ። ዲግሪው እስከ ዛሬ እንዳልነበረኝ፣ ሁለት ዓመት ሲያስተዋውቁኝ ዝም እንዳልኩ፣ ዱዓው ለምን እንደነበር፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«አሁንስ ሞላ?»
«ሞላ፣ ሼህ። ሃምሳ።»
«ሙሉ?»
«ሙሉ።»
«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የሞላ ነገር ደስ ይላል።»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን አቃፊ ውስጥ ላስገባው ሳጥፈው፣ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ነበረች፦ «አማካይ ውጤቶች ወደሚቀርባቸው ሙሉ ቁጥር ተጠጋግተዋል።»