በአእምሮ ሳይንስ ስለተዘጋው የንባብ ክፍላችን

ለተከበሩ የመምህራን ሥልጠና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ዓይንዎ እንዴት ሰንብቷል? የሚነበብ ነገር እንደሚበዛብዎ አስቤ ነው።

እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል መቁጠር የጀመርኩ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት የሥልጠና አዳራሽዎን ወለል ወልውያለሁ። ስለ መማር ሲነገር የኔን ያህል የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ቁጭ በይ ያለኝ ባይኖርም። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መምህራችንን ለሦስት ቀን ሥልጠና ስለጠሩልን እናመሰግናለን። ተፈታቶ የሚገጣጠም የፕላስቲክ አንጎል ይዛ ተመለሰች። ከጎኔ የምትቀመጠው ጡረተኛ አዋላጅ አገላብጣ አየችውና፣ ይህን ሁሉ ዕቃ በጭንቅላቷ ተሸክማ እየዞረች የቤቷ ቁልፍ እንዴት እንደሚጠፋባት ጠየቀች። መምህራችንም ደጋግሞ ማስታወስ ትምህርትን እንደሚያጸና አስረድታን፣ ሰኞ ያነበብነውን ሐሙስ ደብተር ዘግተን እንድንናገር ታደርገን ጀመር። እርስዎን ከልብ ማመስገን ቢተናነቀኝም፣ ሠርቷል።

፪. መምህራን የታዘቡትን በየወሩ ጽፈው እንዲያቀርቡ ማዘዝዎም አስተዋይነት ነው። የእኛዋ ከመላኳ በፊት አነበበችልን፤ «ትልልቅ ሰዎች ፊደል ለመለየት ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ትምህርት አራት ቀን ይሁንልን» ይላል። ቢሮዎ «ይወስድባቸዋል» ላይ ሲደርስ ሳይደክመው አልቀረም።

፫. ክፍሉን ዘጋው። በዕድሜ የገፋ አእምሮ ንባብ መቀበል እንደማይችል በመምህራን ምልከታ ስለተረጋገጠ ትምህርቱ መቋረጡን የሚገልጽ ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጥፎ አገኘን። ስምንታችንም ቆመን አነበብነው። አዋላጇ «ስለተረጋገጠ» ላይ ትንሽ ተደናቀፈች እንጂ ሌላው ቀላል ነበር።

፬. ይህኛው ምስጋና አይደለም። ሩቅ የምትኖር እህት አለችኝ፣ በአሥር ዓመት ታላቄ ናት። ደብዳቤዎቿን ሃያ ዓመት ሙሉ የጎረቤቴ ልጅ ናት ያነበበችልኝ። አንዳንድ ቦታ ስትደርስ ማንበቡን ትተውና፣ ደህና ነኝ ብላለች ብላ ወረቀቱን ታጥፈዋለች። የመጨረሻውን ለማንም አልሰጠሁም። የታተመ ነገር አነባለሁ፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ልንጀምር የነበረው በሚቀጥለው ወር ነው። እስካሁን ሁለት መስመር ገፍቻለሁ። አንደኛው ቃል «ሐኪሙ» ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ስለዚህ ክፍላችን በሚመጣው ሰኞ እንዲከፈት፣ ቀጠሮውም በቢሮዎ ትዕግሥት ሳይሆን በእህቴ ዕድሜ እንዲለካልን፣ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ዝቅ ማለቱን ወለልዎ ላይ ተለማምጄዋለሁ።

ለሰፊው ዕውቀትዎና ለአጭሩ ንባብዎ ካለኝ የማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአዳራሽዎ ጽዳት ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ተናግሬ በታይፕ ያስጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች እስከ መጨረሻው ያነቡታል። እርስዎ መካከል ላይ ከደከመዎት፣ ከስምንታችን አንዳችን ኮሪደሩ ላይ ስለማንጠፋ ይጥሩን፤ የቀረውን እናነብልዎታለን።