ከክዳኑ ሥር በእርሳስ የጻፍከው

ውድ አባዬ፣

ዓይንህ እንደደከመ አውቃለሁ፤ እቴቴ ጮክ ብላ ታንብብልህ። (እቴቴ፣ መስመር እንዳታልፊ፤ ታላቅነትሽ እዚህ አይሠራም!)

ያ ካሜራ መጣ፣ አባዬ። ሱቅህን ያስዘጋው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩትን ካሜራዎች ስትጠግን አንድ ልማድ ነበረህ። ከመግጠምህ በፊት ከላይኛው ክዳን ውስጥ በእርሳስ ትጽፋለህ፤ ቀኑን፣ የሠራኸውን፣ ዕቃው ሲመጣ የነበረበትን ሁኔታ። እኔ እስቅብህ ነበር። «ማን ሊያነበው ነው?» ስልህ «የሚከፍተው» ትለኛለህ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ያ ወርቅ ጥርሱ ነጋዴ አንዱን አንተ ጋ አስጠግኖ፣ «የጦር ሠራዊት ዕቃ ነው» ብሎ ለሰፈራችን ሐኪም ሸጠው። ክዳኑ ላይ የተቀረጸው የሠራዊት ጽሑፍ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ «የቀረጸው ጠጋኙ ነው» አለና አረፈው። ሰዉም አመነው። ሐኪሙ ካሜራውን ዳግመኛ አላስነኩህም፤ አንተ ደግሞ «ካሜራው ራሱ ይናገራል» ብለህ ዝም! በዝምታህ ስንቴ በግኛለሁ መሰለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተጠራጥሬህም አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።

ማክሰኞ ዕለት የሐኪሙ ባለቤት፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ፣ ዋጋ ሊያስገምቱ እኔ የምሠራበት ጨረታ ቤት ይዘውት መጡ። አለቃዬ ታሪኩን ስለሚያውቅ «ለሌላ ገማች ልስጠው?» አለኝ።

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩት።

በብሎኖቹ ራስ ላይ ገጥመህ ስትጨርስ የምትቀባው ቀይ ቀለም ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነበር፤ ካንተ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። አንድ በአንድ ፈታኋቸውና ክዳኑን ገለበጥኩት። ያ የተንጋደደ ጽሕፈትህ፦ «የብርሃን መዝጊያው ተጠገነ። ክዳኑ ልሙጥ ነው፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም።» ከሥሩ ቀኑ።

አለቃዬ ሁለቴ አነበበው። «ሰው እንዲያየው ባልተጻፈ ነገር ላይ ማን ይዋሻል?» አለ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ቤቴ አስቀምጬው! በሞቴ፣ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ።

እኔማ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ። ከዚያ ዓይኔን የካሜራው ማያ ላይ አድርጌ ሌንሱን አዞርኩት። እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፣ አባዬ! በማያው ውስጥ ተለያይተው ይታዩ የነበሩት ሁለቱ ምስሎች መጥተው ልክ አንዱ ባንዱ ላይ ገጠሙ። ግምቱን ሳላዳላ ጻፍኩ፦ ካሜራው እውነተኛ፣ የክዳኑ ላይ ጽሑፍ ከጥገናው በኋላ የተጨመረ፣ ጥገናው እንከን የለሽ። «ጠጋኝ» በሚለው ቦታ ስምህን ከነአያትህ ሞላሁት፤ ደረቴን ነፍቼ። ከእንግዲህ ማንም የጠጋኙ ልጅ ቢለኝ ሹመት ነው የምቆጥረው።

ክዳኑን ከመመለሴ በፊት ሴትዮዋን አስፈቅጄ እርሳስ አነሳሁ። ካንተ ጽሕፈት ሥር ቀኑን ጽፌ እንዲህ አልኩ፦ «ከፍቼ አነበብኩት።»

የጠጋኙ ልጅ