በጡቴ ላይ የቀባሁት እሬት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ ሰሚራን ጡት ላስጥላት ብዬ እሬት ተቀባሁ። ቆርጠው ያመጡልኝ አማቴ፣ እትዬ ዘይነባ ናቸው። «አንዴ ከመረራት አትመለስም» አሉኝ። ልጄ እየሳቀች መጥታ ጎረሰችው። ተፋችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ከሰዓት ፓፓያ ልጬ ሳጎርሳት አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ነፍሷ የሆነውን ፓፓያ! እጄን በሳሙና ታጥቤ መጣሁ፤ ጭራሽ ጮኸች። ያንኑ ፓፓያ እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላህ በይ» ብለው ሲያጎርሷት ጥርግ አድርጋ በላች።

«ለእኔ ምነው እንቢ አለች?» አልኳቸው።

አፏን እየጠረጉላት፣ «እኔ ባልሽን ጡት ያስጣልኩት ማጀቴ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ልኬው ነው» አሉ። «እናት በገዛ እጇ ለልጇ ትመርራለች እንዴ?»