ላጎረሰን እጅ የተጻፈ ምስጋና

ሰበታ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ቀኛዝማች ተሾመ፣ የሰፈራችን አጥቢያ ዳኛ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ይልቁንም የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው መሆኑን ከአጥርዎ ውጭ ድረስ በሚሰማው የቢላዋ ድምፅ ስለምረዳ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እኔ የእህል ነጋዴው የአቶ ገብረየስ ሚስት አትክልት ነኝ። ይህንን ደብዳቤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ብልከው ከማዕድዎ ላይ ወድቆ ቅባት ይጠጣል ብዬ ስለሰጋሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ታሪኩን ለማያውቁት ስል ከመነሻው ልጀምር። ባለቤቴ ከቤታችን እስከ ሱቁ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በጋሪ የሚሄድ፣ የጫማውን ማሰሪያ እኔ ተንበርክኬ የማስርለት ሰው ነበር። ሰፈሩ ግን ሆዱን እያየ "እንዴት ያለ የተመቸው ሰው ነው!" ይለው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ይኸው የተመቸው ሰው ጆንያ ሲያስመዝን ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። አዲስ አበባ ወስጄው ያየው ሐኪም ደም ብዛት አለበት፣ ስኳሩም እየተጠጋው ነው አለን። "አቶ ገብረየስ፣ ልብዎ የተሸከመው የሁለት ሰው ገላ ነው፤ አንደኛውን ካላወረዱት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ" ብሎ ቅቤውንና ጮማውን እንዲቀንስ፣ ጠጁን እንዲተው፣ ጎመንና ምስር እንዲያዘወትር፣ በጊዜ እንዲተኛ፣ ከሁሉም በላይ በየማለዳው በእግሩ እንዲሄድ አዘዘው። ጉልበቴ ከወንበሩ ስነሳ ሲንቋቋ ሰምቶ ይሆናል መሰለኝ፣ እኔንም "አብረዋቸው ይሂዱ፤ እርጅና ለሁለታችሁም ነው የሚመጣው" አለኝ።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስተን በፉሪ በኩል ወዳለው ኮረብታ መሄድ ጀመርን። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደጊቱ ማሳዋ በዚያ በኩል ስለሆነ አብራን ትወጣ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ዛፍ ባየ ቁጥር እየተደገፈ ሲያቃስት፣ ደጊቱ በኦሮምኛ የአክብሮት ጥሪ "አዴ አትክልት፣ ቀስ በሉ እንጂ፤ ኮረብታው የትም አይሄድ" እያለች ታስቀን ነበር። ጥር ሲገባ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ማንኮራፋቱ ቀረ። አንድ ጠዋት ደግሞ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ሲያስር ባየው ጊዜ፣ እንዳያየኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ክቡርነትዎ ወደ ሕይወታችን የገቡት እዚህ ላይ ነው። ውለታዎን እንደሚከተለው በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዘበኛዎ መንገድ ላይ አስቁሞ ፊትዎ ስላቀረበን አመሰግናለሁ። እርስዎ በረንዳዎ ላይ ቁርስ ይበሉ ነበር፤ ችሎቱም ሆነ ቁርሱ አልተቋረጠም። ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቁት ባለቤቴ በቅንነት "የትም አይደለም ጌታዬ፤ ኮረብታው ላይ ወጥተን እንመለሳለን፤ ለጤና ነው" አለዎት። እርስዎም ጉርሻውን ወደ ወዲያኛው ጉንጭዎ አዛውረው "ጭነት አልያዛችሁ፣ ከብት አትነዱ፣ ገበያ አይደለ፣ ለቅሶ አይደለ! የትም የማይሄድ መንገደኛ ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው" በማለት ዋስ እንድንጠራ ፈረዱብን። የደጊቱ ወንድም ኦቦ ዳዲ ተጠርተው መጡ። "ለሌባ ዋስ ሆኜ አውቃለሁ፤ ለሰው እግር ዋስ ስሆን ግን ይሄ መጀመሪያዬ ነው" ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አስለቀቁን።

ሁለተኛ፤ በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ አባላቱ በሙሉ በተቀመጡበት፣ ስለ ባለቤቴ አካል ያሰሙትን ሰፊ ንግግር አልረሳውም። "ገብረየስ ምን ነካህ? ሁዳዴ ሳይገባ በጎመን የምትቀልብህ ይህቺ ሴት ናት ወይስ ንግዱ ከሰረ?" አሉት። አንድ ሽማግሌ ጎመን በጤና እንደሚባል ቢያስታውሱዎ "ጎመን በጤና ያለው ጮማ ያጣ ደሃ ነው" ብለው አሳቁባቸው። ከዚያ በኋላ ነቀርሳ ይዞታል የሚል ወሬ ከሰበታ ተነስቶ ዓለም ገና ደረሰ። እህል የሚያመጡልን ገበሬዎች ሱቁ በር ላይ ቆመው ገጽታውን እያጠኑ ወደ ሌላ ነጋዴ መዞር ጀመሩ። ወፍራም ሆኖ ሲወድቅ ማንም ያልጠየቀው ሰው፣ ቀጥኖ ሲቆም ሁሉም አዘነለት። በማለዳ ስቀሰቅሰው "ተይኝ አትክልት፤ የሰው ዓይን ከደም ብዛቱ ይብሳል" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔና ደጊቱ ብቻችንን ወጣን።

ሦስተኛውን ውለታ ለመጻፍ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አንስቻለሁ፤ ስለ ቅበላ ግብዣዎ ነው። ባለቤቴን ከቀኝዎ በማስቀመጥዎ ታላቅ ክብር ሰጥተውታል። ከሴቶቹ ወገን ተቀምጬ ሁሉንም አይቻለሁ። ዝንቡ ከሰው ቀድሞ የቀመሰው ሥጋ ተንጠልጥሎ ነበር። እርስዎ በቢላዋ እየጎመዱ፣ ቅባቱ በአንጓዎ ላይ ወርዶ እጅጌዎ ውስጥ እየገባ፣ በአገጭዎ ላይ የደረቀውን አዋዜ በጋቢዎ ጫፍ እየጠረጉ ሲበሉ፣ ያየሁት ነገር የሰው ማዕድ መሆኑን ለራሴ ደጋግሜ መንገር ነበረብኝ። በዚያው እጅዎ ባለቤቴን ማጉረስ ጀመሩ። "ይበቃኛል ጌታዬ፤ ሐኪም ከልክሎኛል" አለዎት። "አፈር ስሆን!" አሉት። ጎረሰ። "በሞቴ!" አሉት። ጎረሰ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ "ጌታዬ፣ ስለ ማርያም ይተዉት፣ ታሟል" ብዬ ስጮህ ሰማሁ እንዲሉ አልጠብቅም፤ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበርና። "ዛሬ የሚስትህን ጎመን ከሆድህ እናስወጣዋለን" ብለው ነጩን ጮማ በሁለት ጣትዎ ገፍተው አስገቡለት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ሲያይ የዋጠው ያንን ጮማ ነው።

ለመነሳት ሲሞክር ቀኝ ጎኑ ከዳው። አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣመመ። ስሜን ሊጠራ ፈልጎ ድምፅ ብቻ ወጣው። ክቡርነትዎ ግን ከዳኝነት አልፈው ሐኪም በመሆን "ጥጋብ ነው፤ አስተኙት" ብለው ለሚቀጥለው እንግዳ ቢላዋ አቀበሉ። አፈር ስሆን ያሉት እርስዎ ሲሆኑ ወደ አፈር የቀረበው እሱ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከደጊቱና ከኦቦ ዳዲ ጋር ተሸክመን አውጥተን፣ ከጅማ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ አሳፍረን አዲስ አበባ አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እንደ ሌላ ሰው ገላ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ቸርነትዎ በዚህ አላበቃም። በሽተኛው ቤቱ በገባ በሳምንቱ፣ "ይጠንክርበት" የሚል መልእክት አስይዘው አንድ የሰባ ሙክት ላኩልን። ጅራቱን መሸከም ያቃተውን ያን እንስሳ ግቢዬ ውስጥ ሲያለከልክ ባየሁት ጊዜ ገመዱን ይዤ ወደ በሩ ጎተትኩት። ልመልሰው ነበር። ባለቤቴ በዚያ በተሳሰረ ምላሱ "እ... እሱም... እንደ እኔ ነው፤ ይራመድ" አለኝ። ከታመመ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ሐኪሙ እጁን እንዲያሠራ፣ እግሩንም ቀስ በቀስ እንዲያለማምድ አዝዞት ነበርና የሙክቱን ገመድ በቀኝ እጁ መዳፍ አስይዤ፣ በግራው ከዘራ ሰጥቼ፣ እኔ በብብቱ ገብቼ ወጣን። መጀመሪያ ከደጃችን እስከ አጥሩ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ኮረብታው ግርጌ ደረስን። ሙክቱ ከስቷል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለቤቴ ግን ገመዱን አሁን ጨብጦ መያዝ ይችላል። ዘበኛዎም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ አላስቆመንም፤ እንዲያውም ባርኔጣውን ያነሳልናል። በግ የሚነዳ ሰው ለካ የሚሄድበት አለው!

ክቡር ቀኛዝማች፣ ካሣ አልጠይቅም፤ ፍርድም እንዲሰጡኝ አልለምንም፤ አፍዎ ለዚያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ላሳውቅዎ፦ ከእንግዲህ በግብዣም ሆነ በለቅሶ፣ በባለቤቴ አፍ አጠገብ እጅዎን ካየሁ፣ ሴት ነኝ ሳልል፣ ሰው ይሰማል ሳልል፣ እጅዎን ይዤ የያዘውን ወደ ገዛ አፍዎ እመልሰዋለሁ። ሽማግሌ ቢልኩ ቁርስ አቀርባለሁ፤ የሚቀርበውም ጎመን ነው።

ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ጤናንም ከመጠን ጋር አድርጎ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ የእጅዎን ስፋት ዕድሜ ልኬን የማልረሳ፣ ቅበላዎን የማልናፍቅ፣ እግሬ እስከቻለኝ ድረስ በደጅዎ የማልፍ፣

ትሑት ጎረቤትዎ
አትክልት፣ የገብረየስ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ጽፌ ቀለሙ ሳይደርቅ ባለቤትዎ ወይዘሮ ተረፈች ነጠላቸውን ተከናንበው መጥተው፣ መተንፈስ እያቃታቸው ስለሆነ ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር ኮረብታው ድረስ ሊወጡ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። "ለቀኛዝማች ራስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም ወይ?" ብላቸው፣ "አንቺው ጻፊለት፤ እኔ ስናገር እያኘከ አይሰማኝም" ብለውኛል።