ሼኩ ሽማግሌ ሆነው የመጡበት ሳምንት

ሰኞ

ቅዳሜ አይሆንም አሉ ረቢው፣ ሰንበታቸው ነው። ዓርብ አይሆንም አሉ ሼኩ፣ ጁምዓ አለ። እሁድን እንቢ ያሉት ደግሞ የኛው ፓስተር ናቸው። ሦስት የሃይማኖት አባቶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቀን ለማግኘት ስልክ ላይ ተንጠልጥዬ ከረምኩ። ዛሬ ተገናኙ፣ ተመስገን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኒሶታ ምክር ቤት ወንድና ወንድ፣ ሴትና ሴት መጋባት ይችላሉ የሚል ሕግ ሊያጸድቅ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን፣ የኦሮሞዎቹ መስጊድና አንድ የአይሁድ ምኩራብ አብረው ሐሙስ ካፒቶል፣ ምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ሄደው ተቃውሟቸውን ሊያነቡ ተስማሙ። ጥሩ። እኔም አምንበታለሁ። ግን ማን ያደራጀው? "ዲያቆናችን ጋሽ ታምራት አሉ! ቫን አላቸው፣ እንግሊዝኛቸውም ደህና ነው።" ብሉሚንግተን የሆቴል ሻትል ስነዳ ውዬ፣ ከሺፍት ስወጣ ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ድራይቭ አደርጋለሁ።

የሥጋ ሳምቡሳ ይዤ ገባሁ። ሼኩ "ማን አረደው?" አሉ። ረቢውም ያንኑ በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ፓስተሩ ዝም ብለው ይበላሉ። ባለቤቴ ውብነሽ "በምስር ላድርገው" ብላኝ ነበር፣ መቼ ሰማኋት! ረቢው በመጨረሻ አንድ ሙዝ ልጠው በሉ።

አንዲት ገጽ መግለጫ ለመጻፍ ይህ ሁሉ ክርክር! ጸሎቱ በማን ስም ይዘጋ የሚለው ብቻ ስብሰባውን በልቶት ነበር። (ሁሉም በየልቡ ይዝጋ ተባለ።) "ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ነው" የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ግን ሦስቱም ባንድ አፍ "አሜን" አሉ። አሜን ሁላቸውም ጋ አለች ለካ።

ማክሰኞ

ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።

ልጄ ቤዛ ከሥራ በኋላ መጣች። ዉድበሪ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፣ በሳምንቱ መሃል ብቅ ብላ አታውቅም፣ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ጫማዋን ሳታወልቅ "ዳድ፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" አለችኝ።

እነማን? የነስሩ ቤተሰቦች። ነስሩ ማነው? አየር ማረፊያ የሻንጣ ማሽን የሚጠግን ልጅ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ወላጆቹ ከሐረርጌ የመጡ። ሙስሊም።

"ጨዋ ልጅ ነው" አለች ውብነሽ ከማድቤት።

እንዴ! አንቺ ደግሞ የት አወቅሽው? ለካ ታውቃለች። ለካ ባለፈው መኪናዬ በበረዶ ተይዛ ስትቀር መጥቶ የገፋልኝ "የቤዛ ጓደኛ" እሱ ነው። አመስግኜው፣ መርቄው ሁሉ ነበር! በገዛ ቤቴ የማላውቀው እኔ ብቻ።

ጮህኩ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ቤዛ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሐሙስ መግለጫ አነሳችና አነበበችው። "ዳድ፣ እኛ እኮ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነን" ብላኝ ወጣች። መግለጫውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ

ፓስተሩ ቢሮ ሄድኩ። ይጸልዩልኛል ብዬ ነው። ጸለዩም። ከዚያ በኋላ፣ "እኔ አልባርክም። እርስዎም እሺ ካሉ ዲቁናውን ይለቃሉ" አሉኝ።

ቢያንስ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጠገቤ ይቀመጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሴት ልጅ ያለው ሰው ሽማግሌ ብቻውን ይቀበላል? አልችልም አሉ።

"ሰኞ እኮ ከሼኩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበን ነው ያመሸነው!"

"እሱ ለሕግ ነው፣ ጋሽ ታምራት። ይሄ ቤታችን ነው።"

ንግግራቸው አልገባኝም ብል ውሸት ነው። ገብቶኛል፣ የሚያናድደኝም መግባቱ ነው። እኔም የልጅ ልጆቼ እሁድ እሁድ አጠገቤ ተቀምጠው ሲዘምሩ ማየት ነው የምፈልገው። ግን ቤዛን ካጣሁ የምን የልጅ ልጅ? ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ቴክስት አደረግሁላት፣ "ቢዚ ነኝ" ብላ መለሰች። ቢዚ!

ሐሙስ

ካፒቶል ግጥም ብሏል። ግማሹ ከኛ ጋር፣ ግማሹ ሕጉን ከሚደግፉት ጋር። እነሱም ይዘምራሉ፣ እኛም እንዘምራለን፣ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ቆይቼ ሮጬ ስደርስ አንዲት አሮጊት በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። ደረቷ ላይ የነዚያን ተለጣፊ ለጥፋለች፣ ሌላዋ አሮጊት ክንዷን ደግፋታለች። "ቀስ በል፣ ወለሉ ያዳልጣል" አለችኝ። አመሰገንኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሦስቱ በየተራ አነበቡ። አማረባቸው። ኮራሁ፣ አልደብቅም።

ጉዱ የፈላው ስንመለስ ነው። ፓስተሩ ከፊት፣ ሼኩና ረቢው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሼኩ በአማርኛ፣ "አቶ ታምራት፣ ቅዳሜ እርስዎ ቤት ነኝ" አሉኝ።

"ምነው፣ በሰላም?"

"የነስሩ ሽማግሌ እኔ ነኝ።"

መሪውን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ፓስተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ረቢው ምን እንደተባለ ጠየቁ፣ ሼኩም ሠርግ ሊኖር ነው ብለው አስረዷቸው። ረቢው ደስ ብሏቸው ትከሻዬን ከኋላ መታ መታ አደረጉኝ። ማን ማንን እንደሚያገባ ሲሰሙ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኛም ጋ ይሄ ከባድ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ትራፊኩ ደግሞ አይነቃነቅ!

ዓርብ

ሥራ። በረዶ። አንድ መንገደኛ ሻንጣዬን ረሳህ ብሎ ተቆጣኝ፣ ሻንጣው እግሩ ስር ነበር። ቤዛ አልደወለችም።

ቅዳሜ

መጡ። ሼኩ፣ የነስሩ አጎትና አንድ ጎረቤታቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል ቆመው ቀሩ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉን የማያውቁት መስሎኝ ነበር፣ ከኔ በላይ ያውቁታል። በኔ በኩል ያለነው እኔና ውብነሽ ብቻ።

ሼኩ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔ ዳር ዳር አላልኩም።

"የሚወለዱት ልጆችስ?"

"በኛ የአባታቸውን ሃይማኖት ነው የሚይዙት። አልዋሽዎትም።"

"እርስዎስ ደስ ብሎዎት ነው የመጡት?" አልኳቸው።

"አይደለም" አሉኝ። "ሃይማኖታችን ይፈቅድለታል። እኔ ግን ከኛው አግባ ብዬ ለምኜዋለሁ፣ አልሰማኝም። እኔም አልሄድም፣ እርስዎም አልሰጥም ብንል፣ ፍርድ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ማን ይከለክላቸዋል?"

ማንም። ሐሙስ ሕግ ይከልክል ስል የዋልኩት ሰውዬ ልጄን የሚከለክልልኝ ሕግ የለም። ቢኖርስ? ፖሊስ ከነስሩ ነጥቆ ያምጣልኝ? ኧረ ወዲያ! ሳስበው ራሴን ጠላሁት።

"እንመካከርበት። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" አልኩና በር ድረስ ሸኘኋቸው።

እሁድ

ዲቁናውን እንደምለቅ ለፓስተሩ ጠዋት ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አየሁት። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ "ለሚቀጥለው የካፒቶል ቀን ግን ይነዱልናል አይደል?" አሉኝ። አይ የኔ ነገር!

ከምሳ በኋላ ቤዛ ደወለች። በለቅሶ ድምጿ ተዘግቷል።

"ፋይን፣ ዳድ። ኖ ብለሃል። ነገ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።"

"ማነው ኖ ያለው?"

"ተመለሱ ብለሃቸዋል! ለነስሩ አጎቱ ነግሮታል።"

ወይ አምላኬ! እሷ ሚኒሶታ የተወለደች፣ እሱም እዚሁ ያደገ። አጎትየውም "ተመለሱ አለን" ብሎ ዝም! አሁን ማን ያስረዳቸው? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ልጁ የረከሰችበት ነው የሚመስለው። የማይሰጥ ሰው ደግሞ ቀን አይቀጥርም፣ በሩን ነው የሚያሳየው። ሼኩ ይህ ስለገባቸው ነው እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው የወጡት።

ይህን ሁሉ ለፈለፍኩላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ "ሶ... ዬስ ነው?" አለች።

እንዲህ ተብሎ አባት ይጠየቃል? አሥራ አምስቱ ቀን እኮ የኔ ነበር! ላስብበት፣ ልጸልይበት፣ ትንሽ ልናደድበት። ውብነሽ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ዳድ?"

"ነገ የትም አትሂጂ" አልኳት። "ዬስ ነው።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። የልጅ ልጆቼ ነገር አሁንም ሆዴን ይበላኛል፣ እሱ አልተፈታም፣ የሚፈታም አይመስለኝም። የሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የት እንደምቀመጥም አላውቅም። ቤዛ ግን ለራት እየመጣች ነው።

ለነስሩ ብትነግሪውም ለአጎቱ እንዳይነግር ብያታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ትንሽ ላስለምናቸው ነው።