ባለቀለሙ ኩባያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

አማኑኤል ከተማ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለአባላቱ በስጦታ የሚያድለው የብረት ኩባያ ላይ አርማውን እንዳደርግለት አዞኛል። አርማው የጤፍ ዘለላ ነው። በቀለም ላትመው ወይስ በሌዘር ጨረር ልቅረጸው? ቀለሙ ያምራል። የሌዘሩ ግራጫ ነው፤ ግን አይለቅም።

ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ከምጨነቅ ብዬ በሁለቱም መንገድ አንድ አንድ ናሙና ሠርቼ ጠዋት ለጎረቤቴ ለእትዬ ስመኝ ሰጠኋቸው። ጠላ ይሸጣሉ፤ ዕቃ የሚያጥቡትም እንደ ገበሬዎቹ ቤት በአመድ ነው።

አመሻሽ ላይ ስመለስ የተቀረጸው ብቻ ቁጭ ብሏል።

«ባለቀለሙስ?» አልኳቸው።

«በአመድ ስፈትገው ጤፉ ከጫፉ መልቀቅ ጀምሮ ነበር። ጠጪው ግን ሁሉም በዚያኛው ይቀዳልኝ ሲል ዋለ። በኋላ አንዱ ይዞት ሄደ መሰለኝ።»

«ይኸኛውንስ?»

«ማንም ልብ ብሎ አላየውም፣ ልጄ።»

ነገ የማኅበሩ ሊቀመንበር መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ምን እንደምላቸው እንጃ። የማይለቀውን የፈለገው የለም፤ የሚለቀውን ሰው ሰረቀው። ያንን ሌባ ባገኘው ደስ ይለኛል። ኩባያውን እንዲመልስልኝ አይደለም። ጤፉ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ ይጥለው እንደሆነ ልጠይቀው ነው።